መልስ፦ የላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ ክብር ከየት መጣ?
የጣሊያኑ መኪና አምራች ላንቺያ የሠራት አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ መኪና ለምን ያን ያህል እንደምትከበር ለጠየቁት፣ በእኔ እምነት ዋናው ምክንያት ሞተሯ ነው። በመሐንዲሱ ቪቶሪዮ ያኖ የበላይ መሪነት መሐንዲስ ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮ የነደፈው ይህ የቪ ቅርጽ ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ እ.ኤ.አ. በ1950 አውሬሊያ ለሕዝብ ስትቀርብ፣ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት በሚመረት መኪና ላይ የተገጠመ ነበር፤ ሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች በ60 ዲግሪ መከፈታቸውም ንዝረቱን እጅግ ቀንሶታል። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ከዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጋር ከኋላ በመቀመጣቸው የመኪናዋ ክብደት ከፊትና ከኋላ ተመጣጥኗል። የአውሬሊያ ባለ ሁለት በር ሞዴል የሆነችው ቢ20 በ1951 ወጥታ፣ በዚያው ዓመት በሚሌ ሚሊያ፣ በጣሊያን የረጅም ርቀት የመኪና ውድድር፣ ሁለት ሊትር በማይሞላ ሞተር፣ ባለ 4.1 ሊትሩን ፌራሪ ተከትላ ሁለተኛ ሆነች፤ ይህን ውጤት ሳስብ ዛሬም እደነቃለሁ። በ1953 ሞተሩ ወደ 2.5 ሊትር ገደማ አደገ።