የተክለ ሰውነት መጽሔቶቹ እውነተኛ አንባቢ ማን ነበር?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የታተሙ፣ ኪስ የሚገቡ ጥቂት አሮጌ መጽሔቶች በእጄ ገብተዋል። ከዳር እስከ ዳር ሰውነታቸው የፈረጠመ ወጣት ወንዶች ፎቶግራፍ የሞላባቸው ሲሆኑ፣ ለሰዓሊያን፣ ለቀራጺያንና ለስፖርት ወዳዶች የተዘጋጁ መሆናቸው ተጽፎባቸዋል። አንድ ወዳጄ ግን «ይገዟቸው የነበሩት ወንድን የሚያፈቅሩ ወንዶች ናቸው» አለኝ። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ ለምን በግልጽ አልተጻፈም? መጽሔቶቹን ማስቀመጡስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነቱን ነግረውዎታል። ጡንቻውን ለመገንባት ወይም ሥዕል ለመለማመድ ብሎ የገዛ ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን እየደጋገመ ገንዘቡን በፖስታ በመላክ እነዚህን መጽሔቶች ያኖራቸው አንባቢ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ የሆነ ወንድ እንደነበረ አዘጋጆቹም፣ አንባቢዎቹም፣ ያሳድዷቸው የነበሩት ባለሥልጣናትም ያውቁ ነበር።

በግልጽ ያልተጻፈበት ምክንያት ሕጉ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።) በአሜሪካ ጸያፍ የተባለን ጽሑፍና ሥዕል በፖስታ መላክ ከ1873 ጀምሮ ወንጀል ነበር። በ1950ዎቹም በወንዶች መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋ ግንኙነት በሁሉም ክፍላተ ግዛት ያስቀጣ ነበር፤ ከ1953 አንሥቶ ደግሞ በዚህ የተጠረጠረ ሰው ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ይባረር ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን «ይህ መጽሔት ለእናንተ ነው» ብሎ ማተም አዘጋጁንም አንባቢውንም አሳልፎ መስጠት በመሆኑ፣ ጤናና ጥበብ መጠለያ ሆኑ።

መጠለያው ቀድሞ የተሠራ ነበር። ስመ ጥሩው ጉልበተኛ ዩጂን ሳንዶው በ1898 በእንግሊዝ፣ በርናር ማክፋደን ደግሞ በ1899 በአሜሪካ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ የሚያወሱ መጽሔቶችን ሲያቋቁሙ፣ የወንድን ገላ እንደ ግሪክ ሐውልት አቁሞ ማሳየት የተከበረ ነገር ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት አዘጋጆች የወረሱት ይህንኑ ክብር ነው።

ከእነርሱም ዋነኛው ቦብ ማይዘር ነው። ይህ ሰው በ1945 በሎስ አንጀለስ «አትሌቲክ ሞዴል ጊልድ» የተባለ የፎቶግራፍ ስቱዲዮ አቋቋመ፤ በ1951 ደግሞ «ፊዚክ ፒክቶሪያል» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በእጅዎ ካሉት መጽሔቶች መካከል የእርሱ ሥራ ካለ ገጾቹን ረጋ ብለው ይመልከቱ። ሰውነቱን ቅባት ያብለጨለጨው ወጣት ይታይዎታል፤ ከፊት የምትሸፍነው ቁራጭ ጨርቅ ከሕጉ ጋር የተደረገች ስምምነት ናት፤ የማይዘር እናት ራሳቸው ይሰፏት ነበር። ከፎቶግራፉ በታች የወጣቱ ቁመትና ክብደት፣ እንዲሁም ተጨማሪ ፎቶግራፍ ለማዘዝ የሚጻፍበት አድራሻ ይገኛል። በአንዳንድ እትሞች ደግሞ ከስሙ አጠገብ ትርጉማቸው ለውጭ ሰው የማይገባ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ማይዘር ስለ ሞዴሎቹ ጠባይ ለደንበኞቹ ሹክ ይል የነበረው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ በማስታወቂያ ሥራ ይተዳደር የነበረው ቱኮ ላክሶነንም ሥዕሎቹን ለዚሁ መጽሔት ልኮ በ1957 ሲታተሙለት፣ «ቶም ኦቭ ፊንላንድ» የሚለው ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ስም የወጣለት በዚያን ጊዜ ነው።

እኔ ግን ከፎቶግራፎቹ ይልቅ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የደንበኞቹ የአድራሻ መዝገብ ነው። ራቅ ባለች ትንሽ ከተማ ብቻውን የሚኖር አንድ ሰው፣ በፖስታ ሣጥኑ ውስጥ መጽሔቱን ሲያገኝ፣ ይህን ነገር የሚወድ ሌላም ሰው እንዳለ፣ ያውም መጽሔት ለማሳተም የሚበቃ ቁጥር ያለው ሰው እንዳለ ይረዳ ነበር። ይሁን እንጂ ያው መዝገብ በመርማሪ እጅ ከገባ የጥፋት ሰነድ ነበር።

የኒውተን አርቪንን ታሪክ ሳስብ ልቤ ያዝናል። አርቪን በማሳቹሴትስ በስሚዝ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ፣ በ1951 ብሔራዊውን የመጽሐፍ ሽልማት ያገኙ ትልቅ ሐያሲ ነበሩ። በመስከረም 1960 ፖሊሶች ቤታቸውን ፈትሸው እንዲህ ያሉትን መጽሔቶች አገኙ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ምሁር ተከሰሱ፤ በድንጋጤ የወዳጆቻቸውን ስም ሰጡ፤ ማስተማራቸውም በዚያው አበቃ፤ በ1963 ሞቱ። አብረዋቸው የተከሰሱት ሁለት ወጣት መምህራን ይግባኝ ብለው፣ የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው በ1963 ነፃ ቢያወጣቸውም፣ የማስተማር ሥራቸውን አጥተው ነበር። ዛሬ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠን የምናገላብጠው መጽሔት በዚያን ጊዜ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍል ነበር።

በዚያው በ1960 ደግሞ በቨርጂኒያ የአሌክሳንድሪያ ፖስታ ቤት፣ ቀድሞ የፍልስፍና መምህር የነበረውና እንዲህ ያሉ መጽሔቶችን ያሳትም የነበረው ኸርማን ሊን ዎማክ የላካቸውን 405 የመጽሔት ቅጂዎች ያዘ። ዎማክ እንደ ሌሎቹ አንገቱን ደፍቶ አልቀረም፤ የፖስታ መሥሪያ ቤቱን ከስሶ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሰኔ 1962 ፍርድ ቤቱ ለዎማክ ፈረደ። ዋናውን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ሃርላን መጽሔቶቹን አልወደዷቸውም፤ እንዲያውም በጠንካራ ቃል ነቅፈዋቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ፎቶግራፎች ማኅበረሰቡ ችሎ ከሚያሳልፋቸው የሴት ራቁት ምስሎች የከፉ ናቸው ሊባል አይችልም ሲሉ ጻፉ። የወንድን ገላ የሚመለከት ወንድና የሴትን ገላ የሚመለከት ወንድ በአንድ ሚዛን መመዘናቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከ405ቱ ቅጂዎች መለቀቅ እጅግ የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1967 በሚኒያፖሊስ በዚሁ ንግድ የተሰማሩ ሁለት ሰዎች ሃያ ዘጠኝ ክስ ቀርቦባቸው በሁሉም ነፃ ሲወጡ፣ ያቺ ቁራጭ ጨርቅም አስፈላጊነቷ አበቃ። ገላውን ሳይሸፍኑ ማተም ሲቻል፣ በጤናና በጥበብ ስም የሚታተመው የቀድሞው ዓይነት መጽሔት ገበያው ቀዘቀዘ።

መጽሔቶቹን ማስቀመጥ ይጠቅም እንደሆነ ለጠየቁት፣ እባክዎ አይጣሏቸው፤ ብዙ ባለቤቶች ቤተሰብ እንዳያገኝባቸው አቃጥለዋቸዋልና የተረፈው ሁሉ ውድ ነው። በሎስ አንጀለስ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው «ዋን» ቤተ መዛግብት እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ይሰበስባል። ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ግን የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጠው ይመልከቱ። የማዘዣው ቅጽ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቶ እንደሆነ፣ ያንን ክፍት ቦታ በወረቀት ለመጠገን አይሞክሩ፤ አንድ ሰው ስሙንና አድራሻውን ጽፎ የላከበት ቦታ ነው።