የባጃጅ መሪ ቱቦ ማጠናከር፦ ሥራውን ልያዝ ወይ?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። በአውቶ መካኒክ ደረጃ 3 ጨርሻለሁ፣ ብየዳም ተምሬአለሁ። ደሴ ያለ አንድ ጋራዥ የአሮጌ ባጃጆችን የመሪ ቱቦ እያጠናከርሽ ሥሪ ብሎኛል። ክፍያው በቱቦ ቁጥር ነው። ሰኞ አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ሰጥተው ይፈትኑኛል። ሥራው ያሳድገኛል? ለፈተናውስ እንዴት ልዘጋጅ?»

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ሥራውን ያዢው። ግን ከሰኞ በፊት አንድ ነገር በደንብ ይግባሽ። ብየዳ የሚችል ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አይጠፋም። አንቺን ተፈላጊ የሚያደርግሽ የትኛው ቱቦ እንደሚበየድ፣ የትኛው እንደሚጣል ለይተሽ ለባለንብረቱ ምክንያቱን ማስረዳት መቻልሽ ነው። መሪው መንገድ ላይ የተቆረጠበት ሾፌር የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም፤ ከኋላው ደግሞ ተሳፋሪ አለ።

መሪውን ከፊት ጎማው ጋር የሚያገናኘው ይህ ቱቦ ለምን እንደሚሰነጠቅ እንይ። የባጃጅ የፊት ጎማ አንድ ነው፣ የተንጠለጠለውም በአንድ ጎን ባለ ክንድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ቱቦው ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛልም። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስለሆነች ይህ ጫና ያን ያህል አይታይሽ ይሆናል። ደሴ ግን በጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ሙሉ ተሳፋሪ የጫነ ባጃጅ ቁልቁል እየወረደ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ቱቦው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ስንጥቁን መጀመሪያ የምትፈልጊው ታች ነው፤ ክንዱ ከቱቦው ጋር በተበየደበት መጋጠሚያና ከታችኛው ኩሺኔታ (ቱቦው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) አካባቢ። የድሮ ብየዳ ካለ ከብየዳው ጠርዝ ጎን ጎን እዪ፤ ብረቱ በሙቀት የተዳከመው እዚያ ነው።

ቱቦው ገና ባጃጁ ላይ ካለ ሻሲውን በክሪክ አንሥተሽ የፊት ጎማውን ከመሬት አላቂ። ጎማውን ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቂ፣ መላላቱን እዪ፤ ቀጥሎ መሪውን ቀስ ብለሽ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሪ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆም የሚል ነገር ከተሰማሽ የኩሺኔታው ኳሶች ማረፊያቸውን ቆፍረውታል ማለት ነው፤ ይህን ብየዳ አያድነውም፣ ኩሺኔታው ይቀየራል። ብዙ ጊዜ «መሪው ደከመ» ተብሎ የሚመጣው ይሄው ነው።

ስንጥቅ ለማየት ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ አንሺ፣ ግሪሱን አጥቢ፣ ከዚያ ላምባ ቀቢና 15 ደቂቃ ጠብቂ። በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ የተፈጨ ጠመኔ ነስንሺበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን ጥቁር መስመር ይሠራል። የመስመሩን ሁለት ጫፎች በሹል ብረት ምልክት አድርጊ።

አሁን ውሳኔው ነው። ስንጥቁ ኩሺኔታ በሚቀመጥበት ቦታ ወይም ዳዶ (ማጥበቂያው ብሎን) በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ከሆነ፣ የቱቦውን ዙሪያ ሲሶ ካለፈ፣ ቱቦው ከተጣመመ፣ ወይም እዚያው ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ተበይዶ ከሆነ አትንኪው። ይቀየር።

የሚበየድ ከሆነ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ አውጪ፤ የፍሪሲዮን፣ የካምቢዮና የነዳጅ ገመዶች፣ ኩሺኔታዎቹም ይወጣሉ። ባጃጁ ላይ እንዳለ የሚበይዱ አሉ፤ የማሽኑ ማሳ (ኤሌክትሪኩን የሚመልሰው መቆንጠጫ ገመድ) ሻሲው ላይ ሲታሰር ኤሌክትሪኩ በኩሺኔታው ኳሶች በኩል ያልፍና ያቃጥላቸዋል። ማሳውን ሁልጊዜ ከምትበይጅበት አጠገብ፣ ራሱ ቱቦው ላይ እሰሪ።

በስንጥቁ ሁለት ጫፎች 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በድሪል ብሺ፤ ስንጥቁ እንዳይሄድ የሚያቆመው ይህ ነው። ስንጥቁን በግራይንደር እንደ ሸለቆ ክፈቺው። የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 80 አምፔር ይበቃዋል። በ3.2 ኤሌክትሮድ ከገባሽ ትበሺዋለሽ።

ማጠናከሪያው ከውስጥ ጠበቅ ብሎ የሚገባ ቱቦ ነው፤ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ይለፍ። ገመድ በውስጥ የሚያልፍ ከሆነና ቦታ ከጠበበ ከውጭ 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጎብጦ ይለበሳል። የላሜራውን ጫፍ ቀጥ አድርገሽ አትቁረጪ፤ እንደ ተከፈተ የዓሣ አፍ መሐሉን ወደ ውስጥ አስገብተሽ ቁረጪው። ቀጥ ብሎ ዙሪያውን የተበየደ ጠርዝ ጫናውን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይሰበስበዋል፣ ቱቦውም ልክ እዚያ ይቆረጣል። እጅግ ወፍራም ማድረግም አይጠቅምም፤ ስንጥቁ ማጠናከሪያው ካለቀበት ይጀምራል እንጂ አይጠፋም። ፌሮ ቆርጦ ውስጥ መክተት ደግሞ በፍጹም! ፌሮ ሲበየድ የሚደድር፣ ብየዳው አጠገብ የሚሰነጠቅ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የትኛው እንደገባ በዓይን አታውቂውም።

በአራት ቦታ፣ ፊት ለፊት እያቀያየርሽ ነጥብ ነጥብ አድርጊ። ከዚያ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር እየበየድሽ ወደ ተቃራኒው ጎን ዙሪ፤ አንድ ጎን ብቻ ከሞቀ ቱቦው ይጎብጣል። ውኃ አታፍስሺበት፣ በአየር ይብረድ። ሲበርድ ቶርኖ (የብረት መጠረቢያ ማሽን) ላይ አሽከርክሪው፤ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከተወላገደ አትግጠሚው።

ስትገጥሚ አዲስና አሮጌ ኳስ አትቀላቅዪ። ግሪስ ሞልተሽ ዳዶውን ንቅንቅታው እስኪጠፋ አጥብቂ፣ ከዚያ ጥቂት መልሺው፣ መቆለፊያውን እሰሪ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪው በቀላል ግፊት ወደ ሁለቱም ጎን ካልወደቀ ጠብቋል። ባለንብረቱ በሳምንቱ እንዲመለስ ንገሪው፤ ዳዶው ይላላልና።

ወደ ክፍያው ልምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። በቱቦ ቁጥር የምትከፈዪ ከሆነ «ይጣል» ባልሽ ቁጥር ገንዘብ ታጫለሽ፤ ይህ ደግሞ ውሎ አድሮ መበየድ የሌለበትን ያስበይድሻል። ስለዚህ ለምርመራው ብቻ፣ ቱቦው ቢጣልም የሚታሰብ ክፍያ ጠይቂ። እምቢ ካሉ ወርኃዊ ደመወዝ ይሁን በዪ። የመጨረሻው ውሳኔ የማን እንደሆነም ከመጀመርሽ በፊት ይነገርሽ።

የዕድገቱ ነገር ባንቺ እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ቱቦ ስንጥቁ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳደረግሽ፣ በሳምንቱ ምን እንደታየ በደብተር ጻፊ፤ ከብየዳው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሺ። በብየዳም የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ተቀመጪ። ኮምቦልቻ ያሉት ፋብሪካዎች የጥገና ሠራተኛ ሲፈልጉ ከምስክር ወረቀትሽ ጋር የምታቀርቢው ሥራ ይኖርሻል።

ሰኞ ስትሄጂ 10 ቁጥር መስታወት ያለው የብየዳ መከላከያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ጠመኔና የሽቦ ብሩሽ ያዢ። የሚሰጡሽን ቱቦ ኤሌክትሮድ ከመያዝሽ በፊት መርምሪው፤ ጥርሱ ላይ የተሰነጠቀ ከሆነ «አይበየድም» ብለሽ አስቀምጪው፣ ለምን እንደሆነም በጣትሽ አሳያቸው።