ስጋጃው ስንት በስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ሳሎናችን 4 በ3.5 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ። ኤል ቅርጽ ሶፋው ሁለቱን ግድግዳ ይዞ ተቀምጧል። 160 በ230 ስጋጃ ገዝተን ብናነጥፈው መሃል ላይ ብቻውን ቀረ፤ ቤቱን ጭራሽ አሳነሰብን። ልንቀይረው ነውና ስንት በስንት እንግዛ? ቡና የምናፈላው እዚያው ሳሎን ስለሆነ ፍሙንም እንፈራለን። ሱፍ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ክፍሉን ሳይሆን ሶፋው የተወላችሁን ቦታ ለኩ። የሶፋው ጥልቀት ከጀርባው እስከ ፊቱ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የቀራችሁ ወለል 3.10 በ2.60 ሜትር ነው። የገዛችሁት ስጋጃ እዚህ መሃል ሲቀመጥ ዙሪያውን ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ወለል ይታያል፤ ከሶፋውም ጋር አይነካካም። ያሳነሰው ይህ ነው።

200 በ300 ግዙ። በሁለቱም የሶፋ ክንፍ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ያህሉን ከፊት እግሮቹ ሥር አስገቡት። በርዝመቱ ጫፍ 40፣ በጎኑ 90 ሴንቲ ሜትር ሴራሚክ ይተርፋችኋል። 240 በ340 ግን ለዚህ ቤት አይሆንም፤ ከሶፋው ሥር ገብቶም እንኳ ጫፉ ግድግዳው ድረስ ይሄዳል፣ ትንሽ ሲንሸራተት ይታጠፋል። ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌ ጋዜጣ በዚያው ልክ አንጥፋችሁ አንድ ቀን ተመላለሱበት። በሩንም ክፈቱት። የበሩ ሥር ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ካለ፣ ከነጀርባው 12 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ስጋጃ ይይዘዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም እየፋቀ ጸጉሩን ይጨርሰዋል።

ወደ ፍሙ እንምጣ። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ማሽን ሠራሹ ስጋጃ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ሰው ሠራሽ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው፤ 160 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። የባቄላ ፍሬ የምታህል ፍም ብትወድቅበት እስክታነሷት ጸጉሩ ተጣብቆ ጠቁሮ ይጠብቃችኋል፤ ሲደርቅ ባዶ እግር የሚወጋ ጠጣር ጉብታ ይሆናል፣ አይታጠብም፣ አይበጠርም። ሱፍ አይቀልጥም፤ ጫፉ ያርርና ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ያረረውን በመቀስ ላይ ላዩን ትከረክሙታላችሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በእጅ የሚሠራው የሱፍ ምንጣፍ በዚህ በኩል አስተማማኝ ነው። ግን ብል ይወዳዋል፤ በተለይ ከሶፋው ሥር የገባው፣ ብርሃንም መጥረጊያም የማያገኘው ክፍል። በወር አንዴ ገልብጣችሁ ካልጠረጋችሁት በዚያ በኩል ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ፍሙን ፈርታችሁ ብቻ ሱፍ አትግዙ፤ ቡናውን ከስጋጃው ላይ አውርዱት። ሁለቱ ባዶ ወለሎች የሚገናኙበት ጥግ 40 በ90 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለከሰል ምድጃው ይበቃል። ከሥሩ ሰፊ የብረት ትሪ አድርጉ፣ መጋረጃ አለመድረሱንም እዩ። ቄጤማውንም ሴራሚኩ ላይ ጎዝጉዙት፤ እርጥቡ ሣር ስጋጃ ላይ ሲረገጥ አረንጓዴ ጭማቂው ይሰርጻል። ይህን ካደረጋችሁ ጸጉሩ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊፕሮፒሊን ይበቃችኋል፤ ቡና ቢፈስበት እንኳ ወዲያው በጨርቅ ተጭናችሁ ብታደርቁት ይለቃል። አትፈትጉት፣ ፍትጊያ ጸጉሩን ያንጨበርረዋል።

ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ካላችሁ ከጫፉ አንድ ክር አስመዝዛችሁ ደጅ ላይ ክብሪት አስነኩት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ሰው ሠራሹ የሻማ ሽታ ይሰጥና ተንጠባጥቦ ይጠጥራል።

ሴራሚክ ላይ ስጋጃ ያንሸራትታል፤ መረብ መሳዩን የላስቲክ ንጣፍ ከስጋጃው በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር አሳንሳችሁ ቆርጣችሁ ከሥሩ አንጥፉ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ስጋጃችን ጫፉ እየተጠቀለለ ያደናቅፈናል። በካውያ ልተኩሰው?

መልስ፦ በፍጹም፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ካውያው ያቀልጠዋል። ጫፉን ወደ ተቃራኒው ጠቅልሉና አንድ ሌሊት እሰሩት፤ ከዚያ ዘርግታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ከባድ ዕቃ ጫኑበት። ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ተሰነጣጥቆ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ግን አይስተካከልም፤ ለሻጩ መልሱት።