ቦሊቪያ ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ስለ አገሩ አቀማመጥና ተፈጥሮ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቦሊቪያ ያው ተራራ ብቻ አይደለም እንዴ? ከባድ ጃኬት ይበቃኛል?

አይበቃም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ መሬት በሰሜንና በምሥራቅ የተዘረጋ ሞቃት ቆላ ነው። ሱክሬና ኮቻባምባ ወይና ደጋ ናቸው። በምዕራብ፣ በአንዲስ ተራራ ሰንሰለቶች መካከል ያለው አልቲፕላኖ የሚባለው ከፍተኛ ሜዳ ግን ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ እንደኛ አነጋገር ውርጭ ነው። ለሦስቱም የሚሆን ልብስ ያዙ፣ ተደራራቢ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ አሁን ዱባይ ነኝ። ከፍታው ይከብደኛል?

አዎ፣ እህቴ። ሰውነት ከፍታን የለመደውን ያህል ቆላ ወርዶ በጥቂት ሳምንት ይረሳዋል። የላ ፓዝ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ኤል አልቶ ላይ፣ 4,060 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ የሚያንሰው በ500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዱባይ ተነስቶ በቀጥታ እዚያ ማረፍ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት መጥራት ነው።

የሚሻለው በሳንታ ክሩዝ (400 ሜትር ገደማ) መግባት፣ ሱክሬ (2,800 ሜትር ገደማ) ሁለት ሦስት ሌሊት ማደር፣ ከዚያ መውጣት ነው። ለመከላከያ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ አሴታዞላማይድ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ፣ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ያዛሉ፤ ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለብሽ ተናገሪ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ራስ ምታቱን በማስታገሻ አፍነው ሽቅብ ሲቀጥሉ ነው። ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠረ፣ እግር ከተንገዳገደ ወይም ንግግር ከተምታታ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ነው።

ጥያቄ፦ የኮካ ሻይ ይረዳል ይላሉ?

በአገሩ ሕጋዊ ነው፣ በየሆቴሉ ይቀርባል። ግን ኮካ ኮኬይን የሚወጣበት ቅጠል ስለሆነ አንድ ስኒ ጠጥተው እንኳ የሽንት ምርመራ ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል። አሠሪው ለሚመረምረው ሰው አይመከርም። ቅጠሉንም ሆነ የሻይ ከረጢቱን ይዞ መውጣት በብዙ አገር ወንጀል ነው።

ጥያቄ፦ ኡዩኒ የጨው ሜዳ መቼ ይታያል?

ምን ማየት እንደፈለጉ ይወስነዋል። ሜዳው ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ስስ ውሃ ተኝቶበት ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ ውሃው ከበዛ ግን ትልልቅ ቁልቋሎች ወደ በቀሉባት ወደ ኢንካዋሲ ደሴት መድረስ አይቻልም፣ ጉዞም ይሰረዛል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፤ ጨው ተሰነጣጥቆ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ ያወጣል። የእኔ ምርጫ ደረቁ ወቅት ነው፣ መንገዱ አስተማማኝ ስለሆነ።

ፀሐዩ ከታችም ተንጸባርቆ ይመጣል። ክሬሙን ከአገጭ ሥርና ከአፍንጫ ቀዳዳ ጫፍ ሳይቀር ቀቡ፤ ያለ ጥቁር መነጽር መዋል ዓይን ያቃጥላል። ወደ ላጉና ኮሎራዳ (4,278 ሜትር) የሚቀጥል የሦስት ቀን ጉዞ ከያዛችሁ፣ ሦስት ዓይነት ፍላሚንጎ የሚታይበት ቀይ ሐይቅ ነው፤ ቀለሙ በዋናነት ከአልጌ የመጣ ነው። ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ስልካችሁን የመኝታ ከረጢት ውስጥ አስገቡ፣ አለበለዚያ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ከመክፈላችሁ በፊት መኪናው ትርፍ ጎማና ኦክስጅን መያዙን በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ቲቲካካ ከጣና ጋር ሲነጻጸር?

8,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጣና ከሁለት እጥፍ በላይ። ጣና ጥልቀቱ 14 ሜትር አካባቢ ሲሆን ቲቲካካ 280 ሜትር ይደርሳል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ለመዋኘት አትቸኩሉ።

ጥያቄ፦ እንስሳ ለማየት ማዲዲ ጫካ ልግባ?

ጫካው ድንቅ ነው፤ ግን ጥቅጥቅ ስላለ ድምፅ እንጂ አውሬ ብዙ አያሳይም። ከሩሬናባኬ ከተማ ተነስቶ በያኩማ ወንዝ ሜዳውን መጎብኘት ይሻላል፦ ካይማን (የአዞ ዘመድ)፣ ካፒባራ (ትልቅ የአይጥ ዘመድ)፣ ሮዝ ዶልፊን። በደረቁ ወቅት ውሃው ሲሸሽ ወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ካርዱ ድንበር ላይም ይጠየቃል። ሱራሶ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሳ ቆላውም በድንገት ስለሚበርድ ጃኬቱን ላ ፓዝ ትታችሁ አትውረዱ።