ለደብረ ብርሃን አርኤክስ ወይስ ኤክስ 5? (መልስ)

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ያገለገለ ሌክሰስ አርኤክስ 350 ወይም ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 ልገዛ ነው፣ ምኑን ልይ ብለሃል። መጀመሪያ ደላላው የሚያወራልህን የቆዳ ወንበርና ስክሪን እርሳው።

እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ያለው አርኤክስ 350 ቱርቦ የለውም፣ ግን 3.5 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነ ብዙ አትቸገርም። የቅርብ ዓመታት ኤክስ 5 ቱርቦ አለው፣ ዳገት አያስጨንቀውም፤ ቱርቦው ካረጀ ግን ወጪው ሌላ ጣጣ ነው።

ከተማ ውስጥ ሁለት ዙር መንዳት አይበቃም። ጠዋት በውርጩ ሂድና ኮፋኖውን ዳብስ፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞህ አስነስቶታል። ከዚያ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና ውረድና ተመለስ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ነው፣ ይሠራል። ሽቅብ ስትመለስ ግን ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ከነጠረ ወይ ሙቀቱ ከወጣ፣ ዋጋ እንኳ አትደራደር፣ ተወው።

የአየር ሰስፔንሽን (በብረት ሞላ ፈንታ መኪናውን በአየር የሚሸከም) ካለው ደግሞ አሳድረህ እየው። አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ካደረ ያፈስሳል። እኔ የተበላሁት በዚህ ነው፤ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ ነበር የሚጠብቀኝ።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ደግሞ ቀብድ ሳትሰጥ ከመኪናው ጋር አስተያይ።