ሁለት መቶ ብር እንዴት ይሰበራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ አገር እንግዳ ባጃጅ በር ላይ አቁሞ እየሮጠ ገባና ባለ 200 ብር ኖት ዘረጋልኝ። «ካን ዩ ብሬክ ዚስ?» አለኝ። እኔ ብሬክ ማለት ወይ መስበር ወይ የሻይ እረፍት እንደሆነ ነው የማውቀው። ብሩን ልቅደድለት? ደንግጬ ቆሜ ስቀር ዘበኛው ከበር ሆኖ «ዘርዝሪለት እንጂ!» አለኝ። ዘበኛው ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም። እስካሁን ይስቁብኛል። ይኼ ብሬክ የሚባል ቃል ስንት ትርጉም ነው ያለው?
እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከከዚራ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ዘበኛውን ሻይ ጋብዢልኝ። እሱ ቃል አልተረጎመም። ሰውየውን አየ፣ ብሩን አየ፣ ባጃጁን አየ። ባለባጃጁ መልስ እንደሌለው ገባው፤ በቃ። እኔ ስንት ዓመት ጠመኔ ይዤ የለፋሁበትን እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጨረሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች በአንድ ግስ ላይ የጫኑትን እኛ ለብዙ ግስ አከፋፍለነዋል። አጥንት እንሰብራለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፣ ብር እንዘረዝራለን። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «መንዝርልኝ» ይላል። ሕግ ይጣሳል፣ ቃል ይታጠፋል፣ መኪና ይበላሻል፣ ፍቅረኛሞች ይለያያሉ። ጎህ ደግሞ ይቀድዳል፤ ይቺን በጣም ነው የምወዳት። ለእነሱ ይኼ ሁሉ ብሬክ ነው። አንዳንዴ ከኋላው «አፕ» ወይም «ዳውን» የምትል ትንሽ ቃል ትቀጠልና ትርጉሙን ታዞረዋለች። ስለዚህ ብሬክ ስትሰሚ ግሱ ላይ አትንጠልጠይ፤ የሚሰበረው ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ። (የመኪናውም ብሬክ ድምፁ አንድ ነው፤ አጻጻፉ ግን ይለያል። እሱን እኛ ከጣሊያን ወስደን ፍሬን ስላልነው ተገላግለናል።)

አትፈሪ፣ እኔም ብሆን አላመለጥኩም። ከዓመታት በፊት ለአንድ ስብሰባ አስተርጓሚ ሆኜ ተጠራሁ። ቦታው ድሬ፣ ወሩ ግንቦት። ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ የሚያመጣው ግን ያንኑ ሙቀት ነው። ስብሰባውን የምትመራው ፈረንጅ ተነሳችና «ሌትስ ብሬክ ዚ አይስ» አለች። እኔ ደግሞ ቀልጠፍ ብዬ «በመጀመሪያ በረዶውን እንሰብራለን» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግራ ቀኝ አዩና «አቦ፣ የታል በረዶው? ለእኛም ድርሻችንን ስጡን» አሉ። ሳቁ ጣሪያ ነካ። ፈረንጇ ምን እንደተባለ ሳይገባት አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ እንደ ቤተሰብ ያወራ ጀመር። እሷ የፈለገችው ይኼንኑ ነበር፤ የሠሩላት ግን ሽማግሌው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

አባባሉ የብርድ አገር ነው። እዚያ ውሃው በክረምት ሲረጋ መርከብ አያሳልፍም። በረዶውን ሰብሮ መንገድ የሚከፍት ያስፈልጋል። የማይተዋወቁ ሰዎች ተፋፍረው ሲቀመጡም የመጀመሪያዋን ጨዋታ ያመጣ ሰው በረዶውን ሰበረ ይባላል። ድሬ ላይ በረዶ ማን ይጠላል? ቀፊራ ገበያ ውለሽ ስትመለሺ ብርጭቆ ውስጥ ሲንኳኳ ልብ የሚያርስ ነገር ነው። ዛሬ ቢሆን «እስቲ እንተዋወቅ፣ እንጫወት» ብዬ አልፈው ነበር።

እንግዳሽ አንድ ቀን «ጊቭ ሚ ኤ ብሬክ!» ብሎ ቢጮህ ደግሞ ወንበር እንዳታቀርቢለት። የድሬ ልጅ «አቦ ተወኝ!» የሚለው ነው። ድምፁ ሳይቀር ይገጥማል።

ተዋናይ ወደ መድረክ ሲወጣ «ብሬክ ኤ ሌግ» ይሉታል፤ መልካም ምኞት ነው። ይኼን ግን አደራ ቃል በቃል እንዳትይው። «እግርህን ይስበረው» እኛ ዘንድ እርግማን ነው። «ይቅናህ» በቂ ነው።

«ሰበር ዜና»ን ሳልነካ አላልፍም። ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ተገልብጦ የገባ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ጆሮዬን ኮረኮረኝ፤ ዜና እንዴት ይሰበራል እያልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ሽንኩርት ሲወደድ እንኳ «ሰበር ዜና!» እያለች ከገበያ ትገባለች። ተሸነፍኩ። «ብሬክ ዘ ኒውስ» ግን ሌላ ነው። ክፉ ወሬን ለባለቤቱ ማሳወቅ ነው። የሞት ወሬ ከሆነ እኛ ማርዳት የሚል የራሱ ግስ አለን። ጎህ ሳይቀድ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ በርሽ ላይ ሲቆም፣ ከኋላውም ሌሎች ሲታዩሽ፣ አንድ ቃል ሳይወጣ ገብቶሻል። ይኼን «ዜና መስበር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢመጣ እጣላዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጋላ ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ። ለአንዲት ቱሪስት «ፎር ዩ አይ ብሬክ ፕራይስ» ብላት ግራ ገብቷት ሄደች። ዋጋ ሰበርኩልሽ ማለቴ ነበር። ምን አጠፋሁ? ደግሞስ «ብሬክ ኢቭን» የሚሉት ምን ማለት ነው?
ነጋዴው፣ ከመጋላ

መልስ፦ ምንም አላጠፋህም፤ አማርኛህን በእንግሊዝኛ ተናገርክ። እኛ ዋጋ እንሰብራለን፣ እነሱ ዋጋ ይቆርጣሉ። «ካት» በል። ደግሞ አንተ ደጃፍ የሚያልፈው ሶማሊኛ ተናጋሪ ደንበኛህ ከፈረንጇ ይልቅ ይረዳህ ነበር። በሶማሊኛ «ጀባን» ማለት የተሰበረ ነው፤ ርካሽም ማለት ነው። ከጎረቤት ጋር የሚያግባባ ግስ ይዘህ ባሕር ማዶ ሄድክ እንጂ ግሱስ ደህና ነው።

«ብሬክ ኢቭን» ስላልከው፦ አላተረፍኩም አልከሰርኩም፣ ወጪዬን መለስኩ ማለት ነው። «ብሬክ ዘ ባንክ» ከቁማር ቤት የመጣ ነው፤ ቤቱ ለጨዋታ የመደበውን ገንዘብ ጠራርጎ መብላት። ዛሬ አቅም የሚፈትን ውድ ነገር ሲገዛ ይባላል። ኪስ የሚያራቁት በለው። ሽያጭ ላይ ግን አትጠቀምበት፤ ገዢ ታባርራለህ።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ሐረር ጁገል የምኖር ተማሪ ነኝ። «ብሬክፋስት» ውስጥ ያለው ብሬክ ያው ነው? ጓደኛዬ «ፋስት» ማለት ፈጣን ስለሆነ ፈጠን ያለ እረፍት ማለት ነው ይለኛል።
ተማሪው፣ ከጁገል

መልስ፦ ብሬኩ ያው ነው፤ ፋስቱ ግን እዚህ ጾም ነው። ሌሊቱን ሳይበላ ያደረ ሰው ጠዋት ጾሙን ይፈታል፣ ያ ነው ብሬክፋስት። ይኼን ለሐረር ልጅ ማስረዳት አይከብድም። በረመዳን መግሪብ አዛን ሲሰማ ቤትህ ወይም ጎረቤትህ የሚያፈጥረው ምንድን ነው? ዐረብኛው ኢፍጣርም ለቁርስ የሚሆነው ፉጡርም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ሐሳቡም የእንግሊዝኛው ነው። በክርስቲያኑ በኩል ጾም ይፈታል ይባላል፣ ሳይደርስ ከተበላ ደግሞ ይገደፋል።

አማርኛ ጠዋት ላይ ጾሙን ትቶ ዳቦውን ነው ያየው። ቁርስ ከመቁረስ ነው የመጣው። ነገ ፉል ቤት ስትገባ ልብ በል፤ ሳህኑ ከመድረሱ በፊት እጅህ ዳቦዋን ገምሷታል።

ጓደኛህን ግን ብዙ አትሳቅበት። «ፋስት ፉድ» ላይ ያለው ፋስት እውነትም ፈጣን ነው።