ዲስቲለር ከአሜሪካ ለምታስመጪው እህቴ፦ መጀመሪያ ቮልቱን እዪ

እህቴ፣ «ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ወንድሜ ከአሜሪካ የውሃ ዲስቲለር ሊልክልኝ ነው፤ ይጠቅመኛል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። ዲስቲለር ማለት ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን መልሶ ንጹህ ውሃ የሚያደርግ ማሽን ነው፤ ለእኔም ከአሜሪካ ነው የመጣልኝ። በደንብ ይጠቅማል፤ አሁን እኛ ቤት የታሸገ ውሃ አይገዛም። ግን ወንድምሽ ገና ካልገዛው ዛሬውኑ ደውይለት።

1ኛ. ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ያንብብልሽ። 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካላለ ይቅርብሽ። እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው የ120 ቮልት ነው፤ የእኔም እንደዚያ ነበር፣ 750 ዋት። የእኛን 220 ቮልት ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ፍለጋ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባሁ። ዋቱንም፣ በአንዴ ለአራትና አምስት ሰዓት እንደሚሠራም ነገርኩት። ካርቶኑ ላይ 1500 ዋት የሚል አውጥቶ «ይሄ ምጣድም ይችላል» አለኝ። በላይ በላዩ እየጋለ ሄዶ ተቃጠለ። ሲቃጠል ደግሞ ሙሉው 220 ወደ ማሽኑ አለፈ፤ ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ማሞቂያው የሚስበው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ እሱም አብሮ ነደደ። ትራንስፎርመሩን የከፈተው ባለሙያ ውስጡን አሳየኝ፤ ሽቦው ቀጭን፣ የ500 ዋት እንኳ የማይሆን። ይዤ ስመለስ ሻጩ ሰው ፊት «መጠቀም ካላወቅሽ እኔ ምን ላድርግሽ» አለኝ። ስገዛ ደረሰኝ ጠይቄው «የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ነበር፤ ለካ ለዚህ ኖሯል! እስካሁን ያንገበግበኛል። አንቺ ያለ ደረሰኝ ከሱቁ አትውጪ። ያ ባለሙያ ግን እጁ ይባረክ፣ ማሞቂያውንም ፋኑንም በ220 ቀየረልኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። የእኛ ከተማ ልጅ ነው፣ ኮርቼበታለሁ።

2ኛ. መብራት ይበላል። አራት ሊትር ለማውጣት ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከምጣድ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኪው። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ አትጨነቂ፤ እስከዚያ የወጣው ንጹህ ነው።

3ኛ. አሠራሩ እንደ አረቄ አወጣጥ ነው፤ ተኖ፣ ቀዝቅዞ፣ ጠብ ጠብ ይላል። ጭቃው፣ ጀርሙ፣ ጨውና ኖራው ታች ይቀራል። ክረምት ቧንቧው ደፍርሶ ሲመጣ ታች የሚቀረውን ብታዪ ያስደነግጥሻል። ክሎሪንና እንደ ቤንዚን ያለ በቀላሉ የሚተን ነገር ግን ከእንፋሎቱ ጋር ያልፋል፤ አፉ ላይ ያለችው የከሰል ከረጢት ለዚህ ናት፣ እንዳትጥያት። ታች የሚጋገረውን ነጭ ነገር በሎሚ ጭማቂ አሳድሪና እጠቢው፤ በብረት አትፋቂው።

ሌላው ሰው የማይነግርሽ፦ የወጣው ውሃ ክሎሪን ስለሌለው ቆሻሻ ዕቃ ውስጥ ከገባ ወዲያው ይበከላል። ክዳን ባለው የታጠበ ጠርሙስ አስቀምጪው እንጂ የቧንቧ ውሃ በምታመላልሺበት ጄሪካን አትገልብጪው። መጀመሪያ ጣዕም የለሽ ይሆንብሻል፣ ትለምጂዋለሽ።

ወንድምሽን ስታናግሪው ትርፍ የከሰል ከረጢትም ይጨምርልሽ፤ እኔ እዚህ ፈልጌ አላገኘሁም።